ሙዙን መልሱት

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ረጋ ብዬ ላውጋችሁ። ወሬው አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለወጣ የበጎ አድራጎት ክበብ ነው። እንዲህ ያለውን ክበብ ታውቁታላችሁ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። አባላቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ይጠግናሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ደብተርና እስክርቢቶ ያሰባስባሉ፣ ደም በሚለገስበት ቀን ወንበር ይደረድራሉ፣ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላሉ። በዚያ ዓመት ግን የመንፈቁ ዕቅድ ሲወጣ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«እስካሁን የሄድነው ሰው ጋ ብቻ ነው። የእንስሳት መጠለያ ብንሄድስ?» አለች።

ክፍሉ አጉረመረመ። «ሰው ሳይጠግብ?» ያለም አልጠፋ። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። «ሰው ሲርበው ደጅ ያንኳኳል። ሲታመም ይናገራል። ሲታሰር ዘመድ ስንቅ ያመላልስለታል። የታሰረ እንስሳን ማን ይጠይቀዋል?» አለች። ድምፅ ተሰጠ፣ ሐሳቧ አለፈ።

እኔ ከክበቡ አባላት የአንዷ አባት ነኝ። ልጆቹን የሚያጅብ ወላጅ ሲፈለግ እሺ ብዬ ተሳፈርሁ፤ የምተርክላችሁም እዚያ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

የምንሄድበት ቦታ እንስሳ ኮቴ ይባላል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ በመናገሻ አካባቢ የሚገኝ 77 ሄክታር የሚሸፍን መጠለያ ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር እየተባበረ ይሠራበታል። ሰው ግቢ ታስረው የኖሩ፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ፣ እናታቸው ተገድላ ገና ጡት ሳይጥሉ የተገኙ የዱር እንስሳት ወደዚህ ይመጣሉ። እዚህ እንስሳ አይገዛም፣ አይሸጥም፣ ትርኢት እንዲያሳይ አይሠለጥንም። መመለስ የሚችለው አገግሞ ዱሩን ያገኛል፤ የማይችለው ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ወሩ ጥር፣ በቅጥቅጥ አይሱዙ ተነሣን። አስኮን፣ ቡራዩን አለፍን። የገፈርሳ ግድብ ውሃ በስተቀኝ ብልጭ ሲል ልጆቹ ዘፈኑን አቋርጠው በመስኮት ተንጠራሩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአውድማ ተከበበ፤ በሬዎች እየዞሩ ያበራያሉ፣ ገለባው ወደ ነፋሱ ይበተናል። ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አንድ ካርቶን ሙዝ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ሙዙን የገዛው ራሱ ነው፣ ከታክሲው ሳንቲም እየቆጠበ። ለጦጣዎቹ ነው። ይህን ልጅ ልብ በሉልኝ፣ ነገራችን ወደ እርሱ ይመለሳል።

በሩ ላይ የተቀበሉን ዕድሜያቸው የገፋ የእንስሳት ጠባቂ ነበሩ። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛቸው ይሰማል። ልጆቹ ወዲያው «ጋሼ» አሏቸው። ጋሼ ሰላምታውን ሲጨርሱ ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ ዐረፈ።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሙዝ ነው ጋሼ፣ ለጦጣዎቹ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ልብህ ጥሩ ነው። ግን ሙዙን መኪናው ውስጥ መልሰው፤ ምሳ ላይ እናንተ ትበሉታላችሁ።»

ልጁ ፊቱ ደም መሰለ። ጋሼ አዩት፣ ትከሻውንም ያዝ አደረጉት። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ፣ ገና አንድ እንስሳ ሳናይ፣ የቀኑን ትልቁን ነገር ነገሩን። ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ጦጣ ከሰው እጅ ሙዝ ሲቀበል ያላየ ከመካከላችን አልነበረም። ያም ያስደስታል፣ ፎቶም ያምርበታል። ጋሼ ግን ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ነው የሚያውቁት።

«ከሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣ ስትለቀቅ የት ትሄዳለች? መጀመሪያ ወዳየችው ቤት ነው የምትሄደው። የቤቱ ሰው እንደ እኔ አይደለም። ወይ ውሻ ይለቅባታል፣ ወይ በድንጋይ ይላታል፤ ማሳው ነው፣ ልጁ ነው፣ አልፈርድበትም። እኛ እዚህ የምንደክመው ሰውን እንድትፈራ ነው። አንድ ሙዝ የብዙ ወር ድካማችንን ያፈርሳል።»

እናንተዬ፣ እኔ እስከዚያን ቀን ደግነት ማለት መጠጋት ይመስለኝ ነበር። ልጆቹም እንደዚያው። ሊዳብሱ፣ ሊያጎርሱ፣ አቅፈው ፎቶ ሊነሡ ነበር የመጡት። ከበሩ ስንገባ የተሰጠን ትእዛዝ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነበር፤ አትንኩ፣ አታብሉ፣ አትጩኹ፣ ዓይን ለዓይን ትክ ብላችሁ አትዩ። ጦጣና ዝንጀሮ ትክ ብሎ ማየትን እንደ ጠብ ነው የሚወስዱት።

አንበሳውን ከማየታችን በፊት ሰማነው። የአንበሳ ግሳት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ እንደሚሰማ መጽሐፍ ላይ አንብበን ይሆናል፤ አጠገቡ ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው። ጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ ደረትም ይሰማል። ልጆቹ እርስ በርስ ተጠጋጉ።

እዚያ ላይ ቆም አልንና ጋሼ ዶሎ ስለተባለ አንበሳ ነገሩን። ዶሎ የሚለው ስም የወጣው ከሶማሊያ ድንበር አጠገብ ካለችው ከዶሎ ነው፤ አንበሳው የተገኘው እዚያ ነበርና። ለዓመታት በጠባብ ጨለማ ቦታ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ኖሯል። ሰንሰለቱ አንገቱን እየፈገፈገ ጎፈሩን አርግፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ተፈትቶ ወደ እንስሳ ኮቴ የመጣው። ብዙ ጊዜ የወሰደው ነገር ምን ነበር መሰላችሁ? መራመድ። ሰንሰለቱ በሚፈቅድለት እርምጃ የኖረ እንስሳ ሣር ላይ ሲለቀቅ ወዲያው አይሮጥም፤ ቦታው እንደሰፋ ሰውነቱ እስኪያምን ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ጎፈሩ ግን መልሶ በቀለ፣ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ። ኋላም ሳፍያ የምትባል እንስት አንበሳ ጓደኛ ሆነችለት።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል፣ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንበሳ የእኛ ምልክት አይደለም እንዴ? በሳንቲማችን ላይ ራሱ ተቀርጿል። የከተማችን አውቶቡስ በስሙ ሲጠራ ኖሯል። ለገሀር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። ስድስት ኪሎ ያለውን አንበሳ ግቢ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ካቋቋሙት ወዲህ ከአዲስ አበባ ልጅ ስንቱ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እዚያ አንበሳ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ የዚያ ግቢ አንበሶች ጥናቱ ካነጻጸራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘረ መል የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ጥቁሩ ጎፈራቸው ከደረት አልፎ እስከ ሆድ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ክብር ለምስሉ ሰጥተን ሥጋ ለባሹን በሰንሰለት ማሰራችን ያሳዝነኛል። ሐውልቱን የሚያጥብ ሰው አለ፤ ለዶሎ ግን ከዓመታት በኋላ ነው ሰው የደረሰለት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቦርን ፍሪ ከየት መጣ ብላ የጠየቀች ልጅ ነበረች፤ ጋሼም መልሱን ለአንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተዉላት። ሐኪሟ ስታወራ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገሩ ከጎረቤታችን ከኬንያ ይጀምራል። ጆርጅና ጆይ አዳምሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ኤልሳ የተባለች የአንበሳ ግልገል አሳድገው፣ ማደን አስተምረው ወደ ዱር መለሷት፤ ጆይም ታሪኩን በመጽሐፍ ጻፈችው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1966 ፊልም ሲሆን የባልና ሚስቱን ቦታ ይዘው የተጫወቱት ቢል ትራቨርስና ቨርጂኒያ ማኬና በኑሮም ባልና ሚስት ነበሩ። ከአንበሶቹ ጋር ከሠሩ በኋላ ልባቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ሌላ ፊልም ሲሠሩ ደግሞ ፖሌ ፖሌ ከምትባል ትንሽ ዝሆን ጋር ተዋወቁ። ዝሆኗ ከኬንያ ለለንደን የእንስሳት ማሳያ ተሰጥታ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ሊጠይቋት ሄዱ፤ ዝሆኗም እ.ኤ.አ. በ1983 እዚያው ለንደን ውስጥ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት በ1984 ዛሬ ቦርን ፍሪ የሚባለውን እንቅስቃሴ ጀመሩ።

«አንዲት ዝሆን ናት ያስጀመረችው» አለች ሐኪሟ። ልጆቹ ዝም አሉ። የሐሳቡ ባለቤት የሆነችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ማስታወሻዋ ላይ «ፖሌ ፖሌ» ብላ ስትጽፍ አየኋት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ክበቡ የመጣው ሊሠራ ነውና። ሥራው ልጆቹ የጠበቁት ዓይነት አልነበረም። ግማሾቹ በውጭኛው አጥር ዙሪያ የደረቀውን ሣር እንዲያጭዱ ተመደቡ። በበጋ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ከማሳ ተነሥቶ በደረቅ ሣር ላይ ከሄደ አጥር አያቆመውም፤ ስለዚህ ዙሪያውን ባዶ መሬት ማበጀት ያስፈልጋል። የታሰረ እንስሳ ደግሞ ከእሳት አይሸሽም። ማጭድ ይዞ የማያውቅ የከተማ ልጅ እጁ ውሃ ቋጠረ። የሰፈሩ ገበሬ አንዱ አልፎ ሲሄድ ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ከአንዱ ልጅ ማጭዱን ተቀበለና አያያዙን አሳየው። 

የቀሩት ልጆች የተሰጣቸው ሥራ ግን እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። የቃጫ ጆንያ ቀረበ፣ ድርቆሽ ቀረበ፣ ከወጥ ቤት ደግሞ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ። ልጆቹ ቅመሙን በሙቀጫ ወቀጡ፣ ከድርቆሹ ጋር ለወሱ፣ ጆንያውን ሞሉና አፉን በቃጫው ሰፉ። «ለማን ነው?» ሲሉ «ለአንበሳው» ተባሉ።

የታሰረ አንበሳ ዋና ሕመሙ ረኀብ አይደለም። ይመገባል፤ እንዲያውም በዱር በየቀኑ አድኖ ስለማይበላ በየቀኑ ቢቀለብ አይስማማውም። ሕመሙ የሚያስበው ማጣት ነው። በዱር ያለ አንበሳ ዙሪያውን በአፍንጫው ያነባል፤ ማን አለፈ፣ መቼ አለፈ፣ ጠላት ነው ወይስ ዘመድ። አጥር ውስጥ ያለው ግን የትናንቱን ሽታ ነው ዛሬም የሚያሸተው። ሲብስበት በአንድ መስመር ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይጀምራል፣ መሬቱ እስኪቦረቦር። ስለዚህ ጠባቂዎች አዲስ ሽታ፣ አዲስ ነገር ይፈልጉለታል። ቅመም የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጠባቂዎቹ አንበሳውን ወደ ማረፊያው አስገብተው በሩን ዘጉ፣ ጆንያውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ፣ ወጡ፣ መልሰው በሩን ከፈቱ። እኛ ከሩቅ ከገመዱ ወዲህ ቆመናል። አንበሳው ቀስ ብሎ ወጣ። ቆመ። አየሩን ሳበ። ከዚያ ወደ ጆንያው ሄዶ መጀመሪያ በአፍንጫው ነካው፣ ቀጥሎ ጉንጩን አሸው፣ ከዚያ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውነት ተዘረረና ጆንያውን በፊት እግሮቹ አቅፎ በጀርባው ተንከባለለ። ከልጆቹ አንዷ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ሲበቃው ጆንያውን በጥርሱ ይዞ እየጎተተ ከቁጥቋጦው ኋላ ገባና ከዓይናችን ተሰወረ። ልጆቹ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባቸው ይመስለኛል፤ ያን ሰፍተው የሰጡት እነርሱ እንደሆኑ እንስሳው አላወቀም፣ ማወቅም አላስፈለገውም።

ጭላዳዎቹን ያየናቸው ከሰዓት በፊት ነው። ጭላዳ ከዓለም ሁሉ በእኛ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ተለይቶ ሣር እየጋጠ የሚያድር እንስሳ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ሲበላ ላየው ሰው ማሳ የሚያርም ገበሬ ይመስላል። እነዚህ ሰው ግቢ ያደጉ ናቸው፤ አንዱ ገና ሰው ሲያይ እጁን ለልመና ይዘረጋል። ጋሼ «እዩት» አሉ፣ «ይህን ያስተማረው ሰው ክፉ አልነበረም።» ባለ ሙዙ ልጅ አንገቱን ደፋ።

አቦሸማኔን የተመለከተው ወሬ ደግሞ ከሁሉም ከበደን። ጎልማሳ ሆነው በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች በዓለም ሁሉ ከ7,000 ብዙም አይበልጡም። ከዚህች ቁጥር ላይ ነው ግልገሎቹ የሚሰረቁት። እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ከሣር ውስጥ ይለቀማሉ፣ ወይም ፍየል በላች ተብላ ስትገደል ይወሰዳሉ። ከኦጋዴን በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ባሕሩ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፤ ሀብታም ሰው መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ሊታይበት። ብዙዎቹ ገና መንገድ ላይ በረኀብና በውሃ ጥም ያልቃሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ እጇን አወጣች። «አክስቴ ዱባይ ነው የምትሠራው፣ የሰው ቤት። ከዓመታት በፊት መኪና መስኮት ላይ የተቀመጠ አቦሸማኔ ቪዲዮ ልካልን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር የተቀባበልነው። ከእኛ አገር ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀም» አለች። ሐኪሟም የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሕግ እንዲህ ያሉ አደገኛ አራዊትን በግል ማሳደግ እንደከለከሉ ነገረቻት።

«የተያዙት ግልገሎችስ መልሰው ለምን አይለቀቁም?» አለ አንዱ።

«የአቦሸማኔ እናት ልጆቿን አንድ ዓመት ተኩል ያህል አብራቸው እየዞረች ታስተምራቸዋለች። ማድባት፣ መሮጥ፣ መጣል፣ አንበሳ ሲመጣ ጥሎ መሸሽ። እኔ ሥጋ እሰጠዋለሁ፣ መርፌ እወጋዋለሁ። ያንን ግን ላስተምረው አልችልም» አለች ሐኪሟ።

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ሰው መጠለያ ሲጎበኝ «ተረፈ» ብሎ ልቡ ያርፋል። እኔ ግን ከዚያ አጥር ፊት ቆሜ ልቤ አላረፈም። የተረፈው ሕይወቱ ነው፣ ኑሮው ግን ተወስዷል። ጠባቂዎቹ የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ፤ ሣር አለ፣ ጥላ አለ፣ ሐኪም አለ። ሆኖም እንስሳው እዚያ የሚያረጀው እኛ ቀድሞ በሠራነው ሥራ ነው። እውነተኛው ማዳን አጥሩ ጋ ሳይደርስ፣ ግልገሉ ገና ከእናቱ ሥር ሳለ ነው የሚጀምረው።

ምሳ በላን። ሙዙንም በላን። ስንበላ ሐኪሟ ቤት ውሻ ያለው እጁን እንዲያወጣ ጠየቀች፤ አብዛኞቹ አወጡ። «ያስከተበ እጁን አያውርድ» ስትል እጆቹ ወረዱ። ከዚያ ስለ ቀይ ቀበሮ ነገረቻቸው። ቀይ ቀበሮ እንደ ጭላዳው ሁሉ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ጎልማሶቹ ከ500 ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ፣ ከእረኛ ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። አዳኝ አልገደላቸውም፣ ወጥመድ አልያዛቸውም። ያልተከተበ ውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል፤ ሰውም፣ ከብትም፣ ቀበሮም አብረው ይድናሉ። «ባሌ ሄዳችሁ ቀበሮ አትጠብቁም። ሰፈራችሁ ያለውን ውሻ ግን ማስከተብ ትችላላችሁ» አለች። የክበቡ ጸሐፊ ወዲያው የቀጣዩ ወር ዕቅድ ላይ አሰፈረው።

እንግዲህ ወደ ባለ ሙዙ ልጅ። ወደ መኪናው ስንመለስ ከጋሼ ጎን ጎን ሲሄድ አየሁት። ሲቃ እየተናነቀው ነገሩን አወጣው። እቤቱ አጠገብ አንድ ግሮሰሪ አለ። በሩ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ በወገቧ የታሰረች ጦጣ አለች። ጠጪው ቢራ ያቀምሳታል፣ ልጆች ጠጠር ይወረውሩባታል። እርሱ ደግሞ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሙዝ ይሰጣታል። የሚወዳት እርሱ ብቻ ነው። «ለካ እኔም ነኝ ያስለመድኳት» አለ።

«አይደለም ልጄ፣ አንተ ባትኖር ኖሮ ትሞት ነበር» አሉት ጋሼ።

«ብናዋጣና ብንገዛትስ ጋሼ? ክበቡ ገንዘብ አለው።»

ጋሼ ቆሙ። «ስማኝ። አንተ ብር ስትሰጠው ሰውዬው ምን ያደርጋል? ትርፍ ያየበትን ነገር መልሶ ይገዛል። የሚያመጣለት ሰው ደግሞ ሌላ ለማምጣት ጫካ ይገባል፣ እናት ይገድላል፣ ግልገል ይወስዳል። ያንተ ብር ቀጣይቱን ነው የሚያሲዛት። ሕግ አለ፤ ለባለሥልጣኑ ተናገሩ። ሲያስረክብ አንድ ሳንቲም አትስጡት።»

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

ሰኞ ክበቡ ተሰበሰበ። የተነጋገሩትን ልጄ ነገረችኝ። አንዳንዱ ሌሊት ሄደን ገመዱን እንቁረጥ አለ። ገመዱ ቢቆረጥ ከተማ መሀል የምትለቀቀው ጦጣ ወዴት ትሄዳለች ሲባል ያ ሐሳብ ቀረ። ቪዲዮ ቀርጸን ሰውዬውን እናጋልጠው ያለም ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጅ «መጀመሪያ ሰው ነውና እናናግረው» አለች። ለባለሥልጣኑ ደብዳቤ ተጻፈ፤ የክበቡ ተጠሪ መምህርና ሁለት ልጆች ደግሞ ወደ ግሮሰሪው ሄዱ። ባለ ሙዙ ልጅ አንዱ ነበር።

ባለ ግሮሰሪው ሰው ክፉ አልነበረም። «ልጆቼ፣ በፍቅር ነው የያዝኳት። ሕፃን ሆና ነው የመጣችው፣ በጡጦ ነው ያሳደግኋት። ማን ይረከባታል? ሜዳ ላይ ልጣላት?» አላቸው። ልጁ ያየውን ነገረው። ጆንያውን፣ ቅመሙን፣ እጁን ለልመና የሚዘረጋውን ጭላዳ። አጥር ውስጥም ቢሆን ከመሰሎቿ ጋር እንደምትሆን፣ ግንድ ላይ ሳይሆን ቅርንጫፍ ላይ እንደምታድር ነገረው። መምህሩ ኋላ እንዳወራኝ ሰውዬው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ገመዱን እኔ ራሴ ነኝ የምፈታው፤ ሌላ ሰው አይንካት፣ ትደነግጣለች» አለ።

የባለሥልጣኑ ሰዎች በጠባብ የእንጨት ሳጥን ይዘዋት የሄዱ ቀን ልጁ በሥፍራው ነበር። አልተሰናበታትም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነው ያየው። ሙዝም አልያዘም።

ጦጣዋን የወሰዱት ባለሙያዎች ባለ ግሮሰሪውን ከማን እንደገዛት ጠይቀውት ነበር፤ ያን ዕለት አላስታውስም አለ። በሳምንቱ ግን ራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ በር መጥቶ መምህሩን አስጠራ። የሚያመጣለት ሰው ከደቡብ በጭነት መኪና እንደሚመጣ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ እንደሚያወርድ፣ ጦጣ ብቻ ሳይሆን ኤሊም በጆንያ እንደሚያመጣ ነገረው። ስልክ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ ሰጠው። «ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውልልኝ ሁለት አሉኝ ብሎኛል» አለ። መምህሩ በዚያኑ ዕለት ቁጥሩን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ ሄደ፤ ክበቡም ለሁለቱ ቦታ ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ እንስሳ ኮቴ ደወለ። ስልኩን ያነሡት ጋሼ ነበሩ።

«አምጧቸው» አሉ። «ጆንያና ቅመም ግን ከእናንተ ነው።»